ቤታ ዓሣ በአዲስ አበባ ብርድ

ቤት ውስጥ በመስታወት የሚቀመጠውን ትንሹን የጌጥ ዓሣ፣ ቤታን፣ ልትገዙ ካሰባችሁ ዓሣውን መጨረሻ ላይ ግዙት። መጀመሪያ መስታወቱ፣ ማሞቂያው፣ ውኃው። ብዙው ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ሱቅ ገብቶ ጅራቱን ዘርግቶ ሲንጎራደድ ያየዋል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ በላስቲክ አንጠልጥሎት ይመጣል። ማስቀመጫ ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ እኮ በብርጭቆ ነው የሚኖረው» ብሎ ተከራከረኝ። እዚያ ያለው ገዢ እስኪመጣ ነው አልኩት። አውቶቡስ ተራ የቆመ ሰው ቤቱ እዚያ ነው አይባልም።

የቤታ አገሩ ታይላንድና አካባቢዋ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። የሚኖረው በሩዝ ማሳና በረግረግ ነው፤ ውኃው ጥልቀት ባይኖረውም ሞቃት ነው። ስለዚህ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ለእናንተ ቢመችም ውኃው 18 ዲግሪ ላይ ሊያድር ይችላል። በዚህ ብርድ ቤታ ወዲያው አይሞትም። ምግብ ይቀንሳል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ሰዉ ግን «ሰነፍ ዓሣ ነው የሸጡልኝ» ይላል።

ማስቀመጫው ቢያንስ 20 ሊትር ይያዝ። የተዘጋጀው ከተወደደባችሁ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄዳችሁ 40 በ25 በ25 ሳንቲ ሜትር አሠሩ፤ እስከ አፉ 25 ሊትር ይሆናል። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት እንዳይሆን፤ ያ ለዓሣ መርዝ ነው። የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም ታገሡ። ክዳን የግድ ነው፣ ቤታ ይዘላል። ግን በክዳኑና በውኃው መሀል ክፍተት ተዉለት። ይህ ዓሣ ብቅ እያለ አየር የሚስብበት የራሱ አካል አለው፤ የሚስበው አየርም ሞቅ ያለ ቢሆን ይሻለዋል።

ለዚህ መጠን 50 ዋት የሆነ፣ ራሱ የሚጠፋና የሚበራ ማሞቂያ ይበቃል። ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አትመኑት፤ ቴርሞሜትር ለብቻው ግዙ። መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ብርድ ይመታዋል።

አሁን ወደ ውኃው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። የሚሻለው የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ነው። ካጣችሁ ውኃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክዳኑን ከፍታችሁ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አሳድሩት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደኔ ከሆናችሁ ለዓሣው ብቻ የተለየ ጀሪካን ይኑራችሁ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ጀሪካን ማለቴ ነው።

ሌላው ነገር ዓይን የማያየው ነው። ዓሣው ከሚጥለው ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ይገድላል። ይህን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ውኃውን በሚያጠራው ማጣሪያ ስፖንጅ ላይ ይራባሉ። ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ዓሣው ሳይገባ ማሞቂያውንና ማጣሪያውን አስነሡ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ፣ ጠብቁ። ዓሣ የሚያረባ ወዳጅ ካላችሁ ከእሱ ማጣሪያ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑ፤ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ የውኃውን ሩብ ቀይሩ። አዲሱን ውኃ ከማንቆርቆሪያ ፍል ውኃ እየደባለቃችሁ እኩል ሙቀት ላይ አድርሱት። ማሞቂያውን አስቀድማችሁ ንቀሉት፤ እንደጋለ ከውኃ በላይ ከቀረ ይሰነጠቃል። ስፖንጁን በቀዳችሁት አሮጌ ውኃ ብቻ ጭመቁት። በቧንቧ ካጠባችሁት ባክቴሪያው ያልቃል። እናቴ ንጽሕና ስለምትወድ ሁሉንም በላርጎ ልትፈትገው ስትል በልመና ነው ያስጣልኳት።

መብራት ሲጠፋ አትደናገጡ። ቤታ ከላይ አየር ስለሚስብ ማጣሪያው ስለቆመ ብቻ አይታፈንም። የሚያስፈራው ብርዱ ነው። መስታወቱን ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይኑረው። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፉበት። የፈላ ውኃ አይሁን። እስኪሞቅ ድረስም አታብሉት፤ በብርድ ምግብ አይፈጭለትም። መብራት ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ማሞቂያውን ነቅላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት።

ቤታ ሥጋ በል ነው፤ በተፈጥሮው ነፍሳትና የትንኝ እጭ ይበላል። ለቤታ የተሠራውን ፍሬ ምግብ ጠዋትና ማታ ሁለት ሦስት ፍሬ ስጡት። ሆዱ የዓይኑን ያህል ነው ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ልጆች የዳቦ ፍርፋሪ እንዳይወረውሩለት ጠብቁ። በሳምንት አንድ ቀን ባዶ ሆዱን ቢውል ይጠቅመዋል። እኔ ረቡዕን መርጬለታለሁ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይጹም ብዬ።

ጓደኛ አትፈልጉለት። ሁለት ወንድ አንድ ላይ ከገቡ አንዱ እስኪጎዳ ይዋጋሉ። ሴትም ብትሆን ለእርባታ ካልሆነ አብራው አትቀመጥ። ውኃው ላይ አረፋ ቢደረድር አትጥረጉበት፤ ለእንቁላል ጎጆ እየሠራ ነው።

ክንፉ ሰውነቱ ላይ ከተጣበቀ ወይም ጠርዙ ከተበላ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ፣ ቀጥሎ ውኃውን ቀይሩ። ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ከወጣበት ግን መድኃኒት ያስፈልጋል። ቅርፊቱ ተበርግዶ ሆዱ ካበጠ የሚድነው አልፎ አልፎ ነው።

ለበዓል ክፍለ ሀገር ከሄዳችሁ ጤነኛ ቤታ ሦስት አራት ቀን ሳይበላ ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ለጎረቤት አደራ ስጡ፤ የምግቡን ዕቃ ግን እንዳለ አታስረክቡ። እኔ የየቀኑን ድርሻ በወረቀት ጠቅልዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ፣ የተረፈውን ደብቄ እሄዳለሁ። ሰው ሲያዝንለት አብዝቶ ነው የሚያበላው።