በረዶ የለበሰ የጋዝ መሣሪያ እንዴት ዳግም ሥራ ይጀምራል?

ትኩስ ሆኖ የሚሠራ የብረት መሣሪያ በረዶ ለብሶ ካዩት፣ ያ በረዶ የአደጋ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1998 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ሎንግፎርድ በሚገኘው የኤሶ የተፈጥሮ ጋዝ ማቀነባበሪያ ትኩስ ዘይት የሚገፉት ፓምፖች ለሰዓታት ቆሙ። ወትሮ 100 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ አንድ ሙቀት መለዋወጫ (የአንዱን ፈሳሽ ሙቀት ለሌላው የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ከዜሮ በታች ወደ 48 ዲግሪ ወረደ። ፓምፖቹ ተነሥተው ትኩሱ ዘይት ሲመለስ ብረቱ ተሰብሮ ተከፈተ፤ ያፈተለከው ጋዝ በእሳት ተያያዘ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፣ ስምንት ቆሰሉ።

1. ሙቀት አይመልሱ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የቀዘቀዘ መጋጠሚያ ሲያፈስ እጅ የሚቸኩለው ለማሞቅ ነው፤ በሎንግፎርድም የሆነው ይኸው ነው። ተራ ብረት በደህናው ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይታጠፋል፤ ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ግን የፈላ ሻይ እንደ ተቀዳበት ቀዝቃዛ ብርጭቆ ድንገት ይሰነጠቃል።

2. ሰው ያርቁ፣ መሣሪያውን ከመስመሩ ይለዩ። ግፊቱን ማውረድ የሚቻለው በጽሑፍ በሰፈረ መመሪያ ብቻ ነው፤ ጋዝ ግፊቱ ሲወርድ ይበልጥ ይቀዘቅዛልና።

3. መሐንዲስ ይጥሩ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ብረት እስከ ስንት ዲግሪ ቅዝቃዜ ይችላል? ኤሶ መሐንዲሶቹን እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ሜልቦርን ስላዛወራቸው በዚያ ጠዋት አጠገብ የሚጠየቅ አልነበረም። ኩባንያው ጥፋቱን በኦፕሬተሮቹ ላይ ሊያላክክ ሞከረ። አደጋውን ያጣራው መርማሪ ኮሚሽን ግን ሠራተኞቹ ይህን አደጋ እንዳልተማሩና በዚያ ክፍል ላይ የአደጋ ጥናት ጨርሶ እንዳልተደረገ አረጋገጠ። ያላስተማሩትን ሰው መክሰስ ግፍ ነው።

4. ቀስ ብሎ ይሙቅ። ከዚያም ስንጥቅ እንደሌለው በባለሙያ ሳይመረመር ግፊት አይግባበት።

5. አንዱን ክፍል ከሌላው ቆርጠው የሚዘጉትን የመለያ ቫልቮች አስቀድመው ይወቁ። ይህ በደህናው ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። በሎንግፎርድ ሦስቱ የጋዝ ክፍሎች በቧንቧ ስለተሳሰሩ የሚነደውን ለይቶ መዝጋት አስቸገረ። እሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ነደደ፤ የቪክቶሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎችም ለሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ጋዝ ቆዩ። እያንዳንዱ ቫልቭ የት እንዳለ በእግርዎ ሄደው ይዩ፤ መዘጋቱንም በልምምድ ይፈትሹ።