ጉሬዛን በሰዓትና በእርሳስ፦ ግቢ ውስጥ የእንስሳትን ባህሪ ለማጥናት

ዓይን የሚይዘው የሚንቀሳቀሰውንና የሚጮኸውን ነው። ሁለት ጉሬዛዎች ሲባረሩ ያየ ተማሪ «ይጣላሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ቀሪዎቹ ጧቱን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው መዋላቸው ግን ከደብተሩ አይገባም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ምን እንደምትጽፉና በየስንት ደቂቃው እንደምትጽፉ ቁርጥ አድርጉ።

ለጀማሪ ጉሬዛ ጥሩ ምርጫ ነው። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ግቢን በመሳሰሉ ትልልቅ ዛፍ ባለባቸው ቦታዎች ይገኛል። ነጭና ጥቁር ጸጉሩ ከሩቅ ይለያል፣ ቀን ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ቡድኑም ከሰፈሩ ብዙ አይርቅም። ጦጣ ፈጣን ስለሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ይቆይ። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ርግብና ቁራ ብቻ ከሆነም ዘዴው ያው ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ጠንካራ ሰሌዳ፣ በሠንጠረዥ የተሰመረ ወረቀት፣ እርሳስ (እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም)፣ በንዝረት የሚያስታውስ የስልክ ሰዓት። ባይኖኩላር ካገኛችሁ 8×42 የሚል (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር) ይሁን። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጧቶች መረጃ አትሰብስቡ። ያያችሁትን ድርጊት ሁሉ ጻፉና ከ8 እስከ 12 ወደሚሆኑ ዓይነቶች ጠቅልሉት። ለእያንዳንዱ ሌላ ሰው አንብቦ ያለ ጥያቄ ሊጠቀምበት የሚችል ፍቺ ስጡ። ለምሳሌ «ማረፍ» ማለት ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ፣ ከቦታ ሳይነቃነቅ፣ ሳያኝክ መቆየት ነው። «መመገብ» ቅጠል ወይም ፍሬ መቅጠፍ፣ ወደ አፍ መውሰድ ወይም ማኘክ ነው። «መቀማመል» የሌላውን ጸጉር በእጅ ወይም በአፍ መፈለግ ነው፤ ማን ቀማይ፣ ማን ተቀማይ እንደሆነ ለዩት። አንድ ድርጊት ሁለት ቦታ ሊገባ አይገባም፤ የትም የማይገባ ድርጊትም እንዳይኖር «ሌላ» እና «አይታይም» የሚሉ ዓምዶች ጨምሩ። «አይታይም»ን መዝለል በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የሚያርፍ እንስሳ ቅጠል ውስጥ ይደበቃል፤ ካልመዘገባችሁት መብላትና መዝለል ብቻ በዝቶ ይወጣል።

ከዝርዝሩ ውስጥ «ተቆጣ»፣ «ፈራ»፣ «ሰለቸው» የሚሉትን አውጡ። የሚጻፈው ሰውነቱ ያደረገው ነው። ዝንጀሮ አፉን ከፍቶ ክራንቻውን ሲያሳይ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውጥረት ወይም ማስፈራሪያ ነው። «አዛጋ፣ ክራንቻ ታየ፣ ፊቱ ወደ ሌላ ወንድ» ብሎ የጻፈ ሰው ትርጉሙን በኋላ መፈተን ይችላል፤ «ደከመው» ያለ ግን አይችልም።

አመዘጋገቡ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው፣ ስልኩ በየ10 ደቂቃው ሲነዝር ቡድኑን ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ አቅጣጫ ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ እንስሳ ዓይናችሁ ባረፈበት ቅጽበት የሚያደርገውን ትጽፋላችሁ። ዙሩ ከ3 ደቂቃ አይለፍ። አስደሳች ነገር እስኪያደርግ መጠበቅ ክልክል ነው። ይህ ቡድኑ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ይነግራል። ሁለተኛው አንድን እንስሳ ለ10 ደቂቃ ብቻ መከተል ነው፤ አጭር ድርጊቶችን፣ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ለመቁጠር ይጠቅማል። የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪዋ ጄን አልትማን በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ እነዚህን ዘዴዎች ለይታ ካስቀመጠች ወዲህ የዘርፉ መሠረት ሆነዋል። የምትከተሉትን እንስሳ በዕጣ ምረጡ፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ የምትመርጡት ተጫዋቹን ግልገል ይሆናል። ከ10ሩ ደቂቃ ከ2 በላይ ከተሰወረባችሁ ያን ምዝገባ ጣሉት፤ ይህንንም ደንብ ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉት።

ዕድሜን በቀላሉ የሚለየው የግልገሉ ቀለም ነው፤ ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ ነጭ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀስ በቀስ የትልቆቹን መልክ ይይዛል። የትልቆቹን ጾታ ከሩቅ መለየት ግን ያስቸግራል፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ትልቅ» ብላችሁ እለፉ።

የሰዓት አጻጻፍ ነገር ቀላል መስሎ ስንቱን ሥራ ያበላሻል። ስልኩ 6፡30 ሲል እኛ ከጧቱ 12፡30 እንላለን፤ አንዱ በስልኩ፣ ሌላው በአገሩ አቆጣጠር ከጻፈ የጧቱ መረጃ ቀትር ላይ ይውላል። አንዱን ምረጡና በየወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። ከዚያ ሥር ቀን፣ የአየር ሁኔታ፣ የዛፉ ዓይነት እና የመዝጋቢው ስም ይግባ።

ቢያንስ 15 ሜትር ራቁ። ዓይን ለዓይን አፍጥጦ ማየትን ጦጣና ዝንጀሮ እንደ ማስፈራሪያ ይወስዱታል። ምንም አታብሉ። የካፌ ፍርፋሪ የለመደ ቡድን መረጃው የካፌው እንጂ የጫካው አይሆንም፤ ሌሎች ጥለውለት ሲበላ ካያችሁ «የሰው ምግብ» በሚል ለብቻው መዝግቡ። እንስሳው ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጉዳይ አይዘገይም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ እንስሳትን በተመሳሳይ ቅጽበት መዝግበው ያወዳድሩ። 100 ጊዜ ጽፈው 90 ቢስማሙ ያኮራል፤ ግን ቆጠብ በሉ። ዓይነቶቹ «ማረፍ» እና «ሌላ» ብቻ ቢሆኑና ሁለቱም 80 በመቶውን «ማረፍ» ቢሉ፣ በአጋጣሚ ብቻ 68 በመቶ ይስማማሉ (0.8×0.8 ሲደመር 0.2×0.2)። ካፓ የሚባለው መለኪያ ይህን ይቀንሳል፦ (0.90−0.68) ሲካፈል ለ(1−0.68)፣ ማለትም 0.69 ገደማ። አለመግባባቱ የተከማቸበትን ፍቺ ፈልጋችሁ አስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ እየተቀመጠ የሚያኝከው እንስሳ ነው ጣጣው።

ስሌቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 8 ጉሬዛ በ12 ዙር 96 መዝገብ ይሰጣል፤ ይህ ግን 96 ነጻ ማስረጃ አይደለም። አንዱ ሲያርፍ ሌላውም ያርፋል፤ ከ10 ደቂቃ በፊት ያረፈውም አሁንም ያርፋል። ስለዚህ የየቀኑን መቶኛ አስሉና ቀንን ከቀን አወዳድሩ፤ ናሙናችሁ የቀናቱ ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ «ለምን ይህን ያህል ያርፋል?» የሚለው ይመጣል። የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪው ኒኮ ቲንበርገን በ1963 ጥያቄውን በአራት ከፍሎታል፦ አሁን ምን ቀሰቀሰው፣ በዕድገት እንዴት መጣ፣ ምን ይጠቅመዋል፣ ከየት ዘር ወረደ። ጉሬዛ ቅጠሉን በጨጓራው ውስጥ ባሉ ረቂቃን ፍጥረታት አማካኝነት ስለሚያብላላ፣ ረጅም ዕረፍት ለመፍጨት ይረዳዋል የሚለው የሦስተኛው መልስ ነው። ጧት ፀሐይ ላይ መቀመጡ በብርድ የሚመጣ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ይህንን ግቢ ውስጥ መፈተን ይቻላል። የጧቱን ሙቀት በቴርሞሜትር እየመዘገባችሁ፣ ደመናማና ጥርት ባለ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ፀሐይ ላይና ጥላ ውስጥ የተቀመጡትን ቁጠሩ።