ጡት ላይ እብጠት ቢገኝ፦ ሐዋሳ ሆናችሁ ምርመራውንና ህክምናውን ቀን ሳታባክኑ እንዴት ትጨርሳላችሁ?

አክስቴ እብጠቱን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። አያማትም። ስላላመማት አምስት ወር ዝም አለች። "ካመመኝ ያኔ እታያለሁ" ትል ነበር። የጡት ካንሰር ደግሞ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

አስታማሚ ሆኜ አብሬያት ስመላለስ የገባኝ ነገር አለ። ጊዜ የሚበላው ምርመራው ራሱ አይደለም። መርፌው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ አልትራሳውንዱም እንደዚያው። የሚበላው በመሃል ያለው ነው። ናሙና ሄዶ እስኪመለስ፣ ውጤት እስኪፈለግ፣ ዘመድ እስኪማከር ሳምንቱ ይነጉዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የጡት ካንሰር ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየችበት ቀን አንስቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ደብተርና አንድ ክላሰር ግዙ። ጤና ጣቢያ የሄዳችሁበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ቀን አንድ ያ ነው። ከዚያ ቁጠሩ።

መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ

የወር አበባ ከመጣ ከሰባት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ጡት ለስለስ ስለሚል ያኔ ይሻላል። መስታወት ፊት ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ። ቆዳው የሚሰረጉድበት ቦታ አለ? እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል? የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል? ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወጣል? ከዚያ በጣቶቻችሁ ጫፍ ውስጠኛ በኩል የጡቱን ዙሪያ ዳብሱ፤ ብብትንም አትርሱ።

አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ለምታጠባ እናት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "ወተት ተቋጥሮ ነው" ተብላ አንቲባዮቲክ ይታዘዝላታል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን መድኃኒቱን ጨርሳ እብጠቱ ወይም ቅላቱ ካልጠፋ፣ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ ሳይሆን አልትራሳውንድ ነው መጠየቅ ያለባት።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ

ባጃጅ ሾፌር "ሪፈራል" ካላችሁት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ሆስፒታል እንደሆነ ያውቃል። ቀጥታ መሄድ ያምራል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላችሁ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድህኑ ሙሉ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የትኛው ጡት እንደሆነ፣ መጠኑና ከመቼ ጀምሮ እንደታየ ይጻፍ። "የጡት እብጠት" ብቻ የሚል ሪፈር ወረፋው ላይ ማንንም አያስደነግጥም።

ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ አይቀር፣ ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ምርመራም ጠይቁ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ምርመራው የኮምጣጤ አሲድ የተነከረ ጥጥ ማስነካት ነው። ችግር ያለበት ቦታ ነጣ ይላል፤ ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ገና ካንሰር ካልሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ አንዳንዴም በዚያው ቀን። የበሽታው መነሻ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ከግንኙነት በኋላ የሚደማችሁ ከሆነ ግን ይህ የቅድመ ምርመራ ነገር አይደለም። በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ።

ወደ ጡቱ ልመለስ።

መርፌው

ሆስፒታል ስትደርሱ ሦስት ነገር ይደረጋል። ሐኪም በእጁ ይመረምራል፣ ምስል ይነሳል፣ ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል። ሦስቱ ካልተሟሉ ነገሩ አላለቀም። ወጣት ሴት ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ብዙ አያሳይም፤ ለእሷ አልትራሳውንድ ይቀድማል። "ማሞግራም ካልተነሳሁ" ብላችሁ አዲስ አበባ ድረስ አትሩጡ።

ሰው የሚፈራው ናሙናውን ነው። "ቢላ ከነካው ይበተናል" ይባላል። አክስቴም ይህን ይዛ ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው በጣም ዘግይቶ ይመጣል፣ ይቀደዳል፣ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ስለነበር በጥቂት ወር ያርፋል። ያየ ሁሉ ቢላውን ይወቅሳል። ናሙና መውሰድ ግን ካንሰሩን አያባብሰውም። ያለ ናሙና ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ማወቅ አይቻልም።

መርፌው ሁለት ዓይነት ነው። በቀጭኑ መርፌ የሚወሰደው ኤፍኤንኤ ሴሎችን ብቻ ያወጣል። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ "ይህ ካንሰር ይመስላል" ለማለት ይጠቅማል። ኮር ባዮፕሲ የሚባለው ወፈር ያለው መርፌ ግን እንደ ክር ያለ ሥጋ ያወጣል። ለህክምና ውሳኔ የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው። በኤፍኤንኤ ካንሰር ከተባላችሁ "ኮር ባዮፕሲ መቼ ይሠራልኝ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። የአክስቴ ናሙና የተወሰደው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ አልቆባቸው ኖሮ ሥጋውን በደም ሥር በሚሰጠው የጨው ውሃ ውስጥ ጨምረው ሰጡን። እኔ ምን አውቃለሁ። ሰኞ ላብራቶሪ ወሰድኩት። ከሳምንት በኋላ "ተበላሽቷል፣ ይደገም" ተባልን። መርፌው እንደገና፣ ወረፋው እንደገና። ሦስት ሳምንት በአንድ ብልቃጥ ሄደ።

ስለዚህ ናሙናውን ይዛችሁ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። ሥጋው ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን፣ ክዳኑ ይጥበቅ። ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ግራ ወይም ቀኝ፣ ቀንና ሰዓት ብልቃጡ ላይ ይጻፍ፤ ክዳኑ ላይ አይደለም፣ ክዳን ይቀያየራል። ከተቻለ በዚያው ቀን ላብራቶሪ ይድረስ። ፎርማሊን ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ሥጋ ቀጥሎ ለሚመጣው ምርመራ ያስቸግራል።

ታማሚዋ ትቅር፣ ብሎኩ ይሂድ

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ የተቀባዮች ምርመራ ነው። ካንሰሩ ሴል ላይ ያሉትን ተቀባዮች ያያል፤ ኢአር፣ ፒአርና ኸርቱ ይሏቸዋል። ኢአርና ፒአር የሆርሞን ተቀባዮች ናቸው። ካንሰሩ በሆርሞን የሚመገብ ከሆነ ታሞክሲፈን የተባለ ርካሽ ክኒን ይሠራል፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት። ኸርቱ ካለበት ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። ዓለምን የቀየረ መድኃኒት ነው፤ ዋጋው ግን የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም። የሆርሞን ተቀባዮቹም ኸርቱም ከሌሉ ዋናው ተስፋ ኪሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት ነው። ድሮ "የጡት ካንሰር" አንድ በሽታ ይመስል ነበር። አሁን መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ ወረቀት ነው።

ምርመራው በአካባቢያችሁ ካልተገኘ "አዲስ አበባ ሂዱ" ትባላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታማሚዋን ይዞ አውቶቡስ ይገባል። አያስፈልግም! ሥጋው ላብራቶሪ ውስጥ በሰም ተደርጎ ይቀመጣል፤ ብሎክ ይሉታል። ከክብሪት ቤት ያንሳል። ከፓቶሎጂ ክፍሉ በፊርማ ተረክባችሁ፣ ከውጤቱ ኮፒ ጋር በአንድ ዘመድ እጅ ላኩት። ፀሐይ ላይ ወይም መኪናው ዳሽቦርድ ላይ እንዳይቀመጥ ብቻ፤ ሰም ነው። ሥራው ሲያልቅ አስመልሱት። ከዓመታት በኋላም ሊያስፈልግ ይችላል።

ብሎኩ እስኪመለስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። የደረት ራጅ፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ የደም ምርመራ፣ የልብ ኢኮ በዚያው ሳምንት ይሠሩ።

ለእሷ ማን ይንገራት?

የእኛ አገር ቤተሰብ ውጤቱን ተቀብሎ ይደብቃል። እኛም "ትንሽ እጢ ናት፣ ትወጣለች" ብለናት ነበር። ሁለተኛው ኪሞ ላይ ፀጉሯ ሲረግፍ "ለትንሽ እጢ ነው ይሄ ሁሉ?" አለችና አልሄድም ብላ ተቀመጠች። አሥር ቀን ለመንናት። በመጨረሻ ነርሷ ናት ቁጭ አድርጋ የነገረቻት። አክስቴ ካለቀሰች በኋላ ያለችው "እናንተ ስታለቅሱ ነበር የሰጋሁት" ነው።

ንገሯት። ሐኪሙ ባለበት፣ በቀን፣ እሷ የምትቀርበው አንድ ሰው ብቻ አብሮ ሆኖ። "ካንሰር" የሚለውን ቃል ተናገሩና ወዲያው ቀጣዩን ቀጠሮ ጨምሩ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ የሚያስጸልይ ያስጸልይ፤ ግን የኪሞውን ቀን ለካህኑም ለፓስተሩም አስቀድማችሁ ንገሩ። ብዙዎቹ ይረዳሉ።

ህክምናው ላይ

እብጠቱ ትንሽ ከሆነ ቀዶ ጥገና ይቀድማል፤ ትልቅ ከሆነ ኪሞ ቀድሞ ያሳንሰዋል። "ለምን ቶሎ አልተቀደደችም?" ብላችሁ አትጣሉ።

ጡቱን በከፊል ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ ጨረር ግድ ነው። ጨረር ደግሞ ለብዙ ዓመት በመላው አገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ወደ ክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እየወጣ ነው፤ ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው። ሙሉውን ማስወጣት የሚመክር ሐኪም ሁልጊዜ ጨካኝ አይደለም፣ ወረፋውን አይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት "ጨረር የት ነው የማገኘው? መቼ?" በሉ። ድሮ 25 ቀን የሚፈጀው የጡት ጨረር ዛሬ ለብዙ ሴቶች በ15 ቀን ያልቃል፤ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለሚታከም ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለእናንተ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ። ማደሪያ ለሌላችሁ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች መጠለያ ስላለው ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ኪሞ በአብዛኛው በየ21 ቀኑ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ይሠራል፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ አሠሩት፣ አለዚያ ቀጠሮው ቀን በላብራቶሪ ያልቃል። ቀዩ የኪሞ መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን) ከተሰጣት በኋላ ሽንቷ ቢቀላ ደም አይደለም።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ እዚህ አይሠራም፤ የነጭ ደም ሴሏ ወርዶ ከሆነ ሰዓታት ይወስናሉ። በዚህ ወቅት የሐዋሳው የአሳ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ አሳ በዳጣ መብላት ቀርቷል። አክስቴን ያስለቀሳት ይሄ ነው ብል ውሸት አይደለም። ክትፎም ጥሬው ይቅር። የተቀቀለ አሳ፣ ሾርባ፣ ትኩስ ቆጮ ይበቃታል።

ኪሞው ካለቀ በኋላ ታሞክሲፈን የጀመረች ሴት በጣም ደህና ስለሚሰማት ክኒኑን ትረሳለች። አክስቴ ጠርሙሱን ከቡና ሲኒዎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ አድርጋዋለች፤ ጠዋት ቡና ሲፈላ ትውጣለች። ፋርማሲ ሲጨርስ ደግሞ ለሳምንታት ላይገኝ ስለሚችል፣ የወር ክኒን ሲቀራችሁ ግዙ።