መኪናዋን አቁሜ ደብረ ብርሃንን በብስክሌት
ከቤቴ እስከ ሥራዬ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለዚህ መኪና ማስነሳት አስጠላኝ። መሞከር ከፈለጋችሁ በሳምንት በአንድ ቀን ጀምሩ። ሰኞ ግን አይሁን፤ ጥድፊያ ይበዛዋል። እኔ ረቡዕ ነው የጀመርኩት።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል። ማርሹን ቀድማችሁ አቅልሉ። ካልሆነም ወርዳችሁ ግፉ።

ዋናው ፈተና ብርዱ ነው። በኅዳር ውርጭ ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጓንት ግዙ። ጋቢ ለብሳችሁ ደግሞ አትንዱ። የኔ ጫፉ የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ ገባ። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ነው፤ የቅባቱ ጥቁር እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ማታ ጎማውን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ከሰመጠ ንፋስ ይሞላ። ጉም ካለ መብራት አብሩ። ከባድ መኪና የሚበዛበትን የደሴ መንገድ ትታችሁ ውስጥ ለውስጥ ሂዱ። እህል ስትገዙ ባጃጅ ወይም ጋሪ ያዙ።

ልጄን ትምህርት ቤት በእግር ነው የማደርሳት። 20 ደቂቃ ነው። መኪና ውስጥ ዝም የምትለው ልጅ፣ መንገድ ላይ ወሬዋ አያልቅም።