ስለ ወንዝ ዳር ፎቆች ስንከራከር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ወንዝ ዳር አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው ከተባለ ሂሪንግ፣ ማለትም ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ፣ አይቀርም። ሂሪንግ ካለ ደግሞ የኛም ሰዎች አይቀሩም። ከሥራ ወጥተው፣ ልጅ አቅፈው፣ ተራ ጠብቀው ይናገራሉ። ይህ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ያቺ የተሰጠቻቸው ሦስት ደቂቃ የምታልቅበት ነገር ነው። ሥራዬ ፕላን ማንበብ ስለሆነ ጎረቤቶቼ ከስብሰባ በፊት «እስቲ ይህን እየው» ይሉኛል። እናም ያንኑ ስህተት መልሼ መላልሼ አያለሁ። አብዛኛው ቀላል ነው። አንዱ ግን ደሜን ያፈላዋል፤ ከሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

«ስንት ፎቅ ነው?» ብሎ መነሳት

ሕጉ ፎቅ አይቆጥርም። የ1910ሩ የዲሲ የሕንፃ ቁመት ሕግ የሚለካው በጫማ ነው። በንግድ መንገድ ላይ የመንገዱን ስፋት ይወስድና 20 ጫማ ይጨምርበታል። ቢበዛ ግን ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር ገደማ አያልፍም። በመኖሪያ መንገድ ላይ ቢበዛ 90 ጫማ ነው። ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ብቻ እስከ 160 የሚፈቀድበት ቦታ አለ። በ130 ጫማ ውስጥ ስንት ፎቅ ይገባል? እንደየፎቁ ጣሪያ ከፍታ ነው። ቢሮ ከሆነ 11 ወይም 12፣ መኖሪያ ከሆነ 13 ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰፈር «አንድ ፎቅ ይቀነስልን» ብሎ ወራት ተሟገተ። አልሚው እያቅማማ ተስማማ። ሰዉ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ፕላን ላይ እውነትም አንድ ፎቅ የለም። የሕንፃው ቁመት ግን አንድ ጫማ እንኳ አልቀነሰም። የየቤቱ ጣሪያ ከፍ አለ፣ ኪራዩም አብሮት።

እሺ፣ በጫማ እንነጋገር። ከየት ተነስቶ ነው የሚለካው? ወንዝ ዳር ላይ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ሕጉ ከእግረኛ መንገዱ፣ ከሕንፃው ፊት መሐል ትይዩ ለኩ ይላል። ሕንፃው ሁለት ፊት ካለው ደግሞ የበለጠ ቁመት ከሚያስገኘው ፊት ነው የሚለካው። የወንዝ ዳር መሬት ተዳፋት ነው። የዲሲውን የጆርጅታውን ሰፈር አስቡት፤ መንገዱ ሽቅብ ነው የሚወጣው። ሕንፃው ከላይኛው መንገድ ተለክቶ 90 ጫማ ሊባል ይችላል። መሬቱ እስከ ታች 20 ጫማ ከወረደ፣ ወንዙ ዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው 110 ነው። ሁለቱም ልክ ነው፣ ሁለቱም ሕጋዊ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን 90 ብቻ ነው።

ገና አላለቀም። በ2014 ኮንግረስ ከጣሪያው በላይ ያለችው ክፍል ሰው እንዲጠቀምባት ፈቀደ። አንድ ፎቅ፣ እስከ 20 ጫማ። ድሮ የሊፍት ሞተርና የውሃ ታንክ የሚቀመጥባት ቦታ ዛሬ ወንዙን የምታይ ውድ ቤት ልትሆን ትችላለች። ያቺን 110 ላይ ደምሯትና ፍርዱን ለናንተ።

ስለዚህ አደራ፣ «ስንት ፎቅ» ብላችሁ አትነሱ። «ከወንዙ ጫፍ እስከ ላይኛው መንገድ የተቆረጠ ሴክሽን (መሬቱንና ሕንፃውን ከጎን ቆርጦ የሚያሳይ ሥዕል) አሳዩን፣ ቁጥሩ ከየት እንደተለካ ጻፉበት» በሉ። ይህን ስትሉ ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ሰዎች ቀና ይላሉ።

«ሕጉ የወጣው ካፒቶልን (የኮንግረሱን ሕንፃ) ለማስከበር ነው»

አይደለም። ተረት ነው፣ ግን የታክሲ ሾፌሩም አስጎብኚውም ይነግራችኋል። ነገሩን የቀሰቀሰው ካይሮ የሚባል 164 ጫማ ሕንፃ ነው። በ1894 ኪው ጎዳና ላይ ተሠራ፣ አሁንም እዚያው አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ተቆጣ፤ እሳት ቢነሳ የማጥፊያው መሰላል አይደርስም ተባለ። በ1899 የመጀመሪያው ሕግ መጣ። ሂሪንግ ላይ የካፒቶልን ተረት ከተናገራችሁ የአልሚው ጠበቃ በደስታ ያርማችኋል፣ ከዚያ በኋላ የምትሉትን የሚያዳምጥ የለም።

የማይመለከተውን አካል መለመን

የቁመት ሕጉ የፌዴራል ነው። ከንቲባዋም የከተማው ምክር ቤትም ሊያነሱት አይችሉም፤ የኮንግረስ ሥልጣን ነው። በ2013 ሰፊ ጥናትና ብዙ ጭቅጭቅ ነበር። መጨረሻው ያቺ የጣሪያ ላይ ፎቅ ብቻ ሆነች። ታዲያ የከተማው የመሬት አጠቃቀም ወሳኝ የሆነው ዞኒንግ ኮሚሽን ፊት ቆሞ «130ን እንዳትነኩ» እያሉ መማጠን ምን ይሠራል? እነሱ የሚወስኑት ከዚያ በታች ያለውን ነው። ይህ ቦታ 65 ይሁን ወይስ 90፣ ከውሃው ምን ያህል ይራቅ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ይሁን ወይስ ፓርኪንግ። ስለነዚህ ነገሮች አውሩ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ወደ ሰፈራችሁ አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤ.ኤን.ሲ. ወደሚባለው ሂዱ። ኮሚሽኑ በጽሑፍ የሚያቀርበውን ሐሳብ የከተማው አካላት «ትልቅ ክብደት» እንዲሰጡት ሕግ ያስገድዳል። እንግሊዝኛ ካስቸገረም ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ እንጂ በስብሰባው ቀን አይደለም።

ያጠረ ሁሉ ለወንዙ ጥሩ ነው ማለት

ቁመት ሲገደብና መሬት ሲወደድ አልሚው ምን ያደርጋል? ወደ ጎን ይሰፋል። የዲሲ ሕንፃዎች መሬቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተው እንደ ዳቦ የተደረደሩት ለዚህ ነው። ከኋላ ያለው ሰፈር ወንዙን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በቁመት ሳይሆን በስፋት ነው። በ2017 የተከፈተውን ዋርፍ የሚባለውን የወንዝ ዳር ሰፈር ተመልከቱ። ሕንፃዎቹ ያው እስከ 130 የሚደርሱ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አያምሩኝም። ግን በመሐላቸው ወደ ውሃው የሚወስዱ መንገዶች አሉ፣ ዳሩ ላይ ማንም የሚሄድበት መንሸራሸሪያ አለ። ቅዳሜ ማታ የሚሞላው በዚህ ነው። 10 ጫማ ለማስቀነስ ከመሟገት በሁለት ሕንፃዎች መሐል 60 ጫማ ክፍት መንገድ ማስገኘት የበለጠ ነው።

ፀሐይዋ በየት እንደምትሄድ ሳያዩ ስለ ጥላ መናገር

«ወንዙን ያጨልመዋል» ይባላል። በየትኛው ዳር? ዲሲ ላይ በዲሴምበር 21፣ በእኩለ ቀን፣ 130 ጫማ ሕንፃ ወደ 250 ጫማ የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ የሚጥለው ግን ወደ ሰሜን ነው። ጆርጅታውን ከወንዙ በስተሰሜን ስላለ ጥላው ውሃው ላይ ሳይሆን የኋለኛው መንገድ ላይ ያርፋል። ፖፕላር ፖይንት ባለበት በአናኮስቲያ ወንዝ ደቡባዊ ዳር ቢሠራ ደግሞ በቀጥታ ወንዙ ላይ ነው። ያው ቁመት፣ ሌላ ክርክር።

ማዶውን መርሳት

ከናሽናል ሞል ወደ ምዕራብ ስታዩ ከሊንከን መታሰቢያ በስተቀኝ ብቅ የሚሉት ማማዎች ዲሲ ውስጥ አይደሉም። ሮዝሊን ናቸው፣ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ። ያ መሬት ድሮ የዲስትሪክቱ አካል ነበር፤ በ1840ዎቹ ለቨርጂኒያ ስለተመለሰ የ1910ሩ ሕግ አይነካውም። ወደ 390 ጫማ የሚደርስ ሕንፃ አላቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የፌዴራል መንግሥት እይታ ይበላሻል ብሎ አርሊንግተንን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ዛሬ እዚያ ቁመት ሲነሳ ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሬገን ኤርፖርት የሚወርደው አውሮፕላን ነው።

ጀርመን፣ ኮሎኝ ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ2004 ዩኔስኮ ካቴድራሉን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ ምክንያቱ ከራይን ወንዝ ማዶ ዶይትስ ላይ የታቀዱት ረጃጅም ሕንፃዎች ነበሩ። ከተማው ዕቅዱን ከለሰ፣ በ2006 ካቴድራሉ ከመዝገቡ ወጣ። እዚያ ሁለቱም ዳር የአንድ ከተማ ነው። እዚህ ግን «እይታችንን ጠብቁልን» የሚል ሰው አርሊንግተን ካውንቲ ቦርድ ፊትም መቅረብ አለበት። እዚያ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ሞልተዋል።

ትንንሾቹን ባጭሩ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። ጆርጅታውን ያለው ዋሽንግተን ሀርበር የሚባለው የወንዝ ዳር ሕንፃ የጎርፍ መከላከያ ግድግዳ ነበረው፤ በአፕሪል 2011 ግድግዳው በጊዜው ከፍ ሳይደረግ ቀረና ውሃው ገባ። ኮምፒዩተር የሠራውን ሥዕል አትመኑ፤ ዛፎቹ ሁልጊዜ ያደጉ ናቸው።

ስለ ኪራይ ስትናገሩም ቁመቱን ትታችሁ የቤቶቹን ዓይነት ጠይቁ። ስንቱ ስቱዲዮ፣ ስንቱ ባለ ሦስት መኝታ? በቅናሽ የሚከራዩት የትኞቹ ናቸው፣ በስንት ገቢ? ሰንጠረዡ ማመልከቻው ውስጥ አለ፣ ከሥዕሎቹ በኋላ።