ከመልስ በፊት የሚቀርብ የማብራሪያ ጥያቄ

ምክር ወይም መረጃ የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ሳያሟላ ሲያቀርብ፣ ተጠያቂው ብዙውን ጊዜ የጎደለውን በራሱ ግምት ሞልቶ ይመልሳል፤ አለዚያም ጠያቂውን በጥያቄ ብዛት አድክሞ ርዳታ በመፈለጉ እንዲጸጸት ያደርገዋል። በእኔ እምነት የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው ነው፤ በግምት የተሰጠ መልስ ከትክክለኛው መልስ በመልኩ ስለማይለይ ስሕተቱ የሚታወቀው ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ነውና።

ስለዚህ መልሶ ከመጠየቅ በፊት «ይህን ባውቅ የምሰጠው መልስ ይለወጣል?» ብሎ ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለፓስፖርት እድሳት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ የጠየቀን ሰው የቀድሞው ፓስፖርት ጠፍቶ ወይም ጊዜው አልፎ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ መጠየቅ ግን የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ቢቀር ይሻላል።

በእኛ ዘንድ ማብራሪያ ሳይጠየቅባቸው መታለፍ የሌለባቸው ነገሮች ሰዓትና ዘመን ናቸው። አዲስ አበባ ያለች እኅት ዋሽንግተን ለሚኖር ወንድሟ «እሑድ 3 ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ብላ ብትጽፍ፣ ቃሉ ቢያንስ ሦስት ትርጉም ይኖረዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ በዋሽንግተን ገና ሌሊት ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ከሆነ እዚያ ቀን ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ማለቷ ከሆነ ደግሞ በአዲስ አበባ 9 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ጠዋት ይሆናል። በዚያ ላይ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ከማርች አጋማሽ ገደማ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ 7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ «የትኛው 3 ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ሸክሙን መልሶ በእኅቱ ላይ መጫን ይሆናል። «እሑድ ማታ በአዲስ አበባ 3 ሰዓት ማለትሽ ነው?» ብሎ የተረዱትን አስቀምጦ መጠየቅ ግን በአንድ ቃል እንድትመልስ ያስችላታል።

የሌሊት በረራም እንዲሁ ነው። ትኬቱ ላይ ማክሰኞ 01:00 ተብሎ የተጻፈ መንገደኛ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት እገባለሁ» ቢል፣ ሊቀበሉት ወደ ቦሌ የሚሄዱት ዘመዶቹ አንድ ሙሉ ቀን ሊዘገዩ ይችላሉ። «ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለረቡዕ አጥቢያ?» የሚለው አጭር ጥያቄ ጥርጣሬውን ሁሉ ያስወግዳል። ዘመንን በተመለከተም፣ ልጅ ለማስመዝገብ ወይም ቅጽ ለማስሞላት የመጣ ሰው «በ2004 ተወለደ» ሲል በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ሳያረጋግጡ መጻፍ የልጁን ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያዛባል፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አንዴ ሰነድ ላይ ከሰፈረ ለማስተካከል የሚወስደውን ድካም ቢሮ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ጥያቄው ምክንያቱን ይዞ ቢቀርብ መልስ የሚሰጠው ሰው የተመረመረ አይመስለውም። ለልጇ የትኩሳት ሽሮፕ ስንት እንደምትሰጥ የጠየቀችን እናት የመድኃኒት ባለሙያው «ክብደቱ ስንት ነው?» ብቻ ቢላት ግራ ልትጋባ ትችላለች። «እኅቴ፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለውም 250 ያለውም ስላለ፣ የልጁን ክብደትና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቢነግሩኝ ልኩን አስልቼ እነግርዎታለሁ» ቢላት ግን ለምን እንደተጠየቀች ታውቃለች፤ ሳይጠይቃት የቀረውንም አስታውሳ ትነግረዋለች። «አንድ ማንኪያ ሰጥቼዋለሁ» ብትል ደግሞ የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ ማንኪያው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ጥያቄ ባይቀርብ ይመረጣል። የአነጋገር ወግም ሊዘነጋ አይገባም፤ በተለይ በዕድሜ የሚበልጡንን ስንጠይቅ ጉድለቱን በተናገሩት ላይ ሳይሆን በሰማነው በእኛ ላይ ማድረግ ያምራል። «አባቴ፣ ያሉኝ ግልጽ አይደለም» ከማለት «አባቴ፣ በደንብ አልያዝኩትም፤ ቦታው ከድልድዩ ወዲህ ነው ያሉኝ ወይስ ወዲያ?» ማለት ክብራቸውን ይጠብቃል፣ መልሱንም ያፈጥናል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ጥያቄው መቆየት አለበት። «ልጄ ነጭ ጋዝ ጠጣብኝ» ለሚል ሰው አስቀድሞ የሚነገረው ልጁን ለማስመለስ እንዳይሞክርና በአፋጣኝ ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስደው ነው። ምን ያህል እንደጠጣና መቼ እንደጠጣ መጠየቅ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ መንገድ ከተጀመረ ወዲህ ነው።

መልሶ የተጠየቀውም ሰው ድርሻ አለው። የማብራሪያ ጥያቄን እንደ ጥርጣሬ ሳይቆጥር የተጠየቀውን ብቻ በቀጥታ ቢመልስ፣ የማያውቀውንም አላውቅም ቢል ሥራው ይቀላል።

ማብራሪያ የጠየቀ ሰው ግን ከሁሉም በላይ የሚከብድ ግዴታ አለበት፤ የጠየቀው ከተነገረው በኋላ ዝም ማለት አይችልም። ሰውየው ክብደት መዝኖ፣ ሰነድ ፈልጎ፣ ዘመድ ጠይቆ ያመጣው መረጃ ምላሽ ሳያገኝ ቢቀር፣ ከመጀመሪያው ምንም ካለመጠየቅ የከፋ በደል ነው። ጉዳዩ ከተብራራ በኋላ ከዕውቀታችን በላይ ሆኖ ካገኘነውም ይህንኑ ወዲያው ልንነግረውና የሚያውቀው ባለሙያ ወይም መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ልንጠቁመው፣ የሰጠንንም ማብራሪያ እንደገና ከመጀመሪያው እንዳይዘረዝር በአጭሩ ጽፈን ልናስይዘው ይገባል።