ማርስ አሬስ አይደለም፦ ስለ ሮም አማልክት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሮም ከተማ ውስጥ የአገሬን ልጆች ፍርስራሹን ማስጎብኘት ከጀመርኩ ቆየሁ። አንድ ንግግር ግን በየጉብኝቱ ይገጥመኛል፦ «የሮም አማልክት እኮ ስማቸው የተቀየረ የግሪክ አማልክት ናቸው።» ዛሬም ስሰማው ደሜ ይፈላል።

የሮማውያኑን የጦርነት አምላክ ማርስን እንውሰድ። ግሪኮች የራሳቸውን የጦርነት አምላክ አሬስን እምብዛም አይወዱትም። በሆሜር ግጥም በኢሊያድ የአማልክቱ አለቃ ዜኡስ ራሱ «ከአማልክት ሁሉ አንተን እጠላለሁ» ይለዋል። ለሮማውያን ግን ማርስ ሮምን መሠረተ የሚባለው የሮሙሉስ አባት ነው። የጥንቱ ዓመታቸው የሚጀምረው በእሱ ወር፣ በማርች ነበር። ገበሬውም ይጠራዋል። ሮማዊው ጸሐፊ ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ ሲጽፍ ጸሎቱን ሳይቀር አስቀምጦልናል። የሚጠባ አሳማ፣ ጠቦትና ጥጃ ማሳውን ይዞራሉ። ከዚያ ገበሬው «አባታችን ማርስ» ብሎ በሽታን እንዲያርቅ፣ እህሉን እንዲያበረክት፣ እረኞቹንና ከብቱን እንዲጠብቅ ይለምናል። እስቲ ይሄ የትኛው አሬስ ነው? የበርና የመጀመሪያ አምላክ የሆነውን ጃኑስንስ ከማን ጋር ልታዛምዱት ነው? ግሪኮች ዘንድ አቻ የለውም።

እርግጥ ሮማውያን ራሳቸው ያዛምዱ ነበር። አክሱምም ተደርጓል። የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ በግእዙ ማሕረም ያለውን የአክሱም የጦርነት አምላክ በግሪክኛው አሬስ ይለዋል። ታዲያ ማሕረምን ለማወቅ የአሬስን ተረት የሚያገላብጥ አለ? ማዛመድ ሌላ፣ አንድ ማድረግ ሌላ።

ቀጣዩን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ፎረም በሚባለው የጥንቷ ሮም አደባባይ ውስጥ ከምድጃ አምላኳ ከቬስታ ክብ ቤተ መቅደስ ፊት ቆሜ «ሐውልቷ እዚህ መሃል ነበር» ብዬ ለእንግዶች ተናገርኩ። አልነበረም። መሃል የነበረው እሳት ነው። ገጣሚው ኦቪድም ምስል ያለ መስሎት እንደኖረ ጽፏል። እሳቱን የሚጠብቁት ደናግል 30 ዓመት ያገለግሉ ነበር፦ 10 ሲማሩ፣ 10 ሲሠሩ፣ 10 ሲያስተምሩ።

በሮም ከተማ ቄሣር ሁሉ አምላክ ተብሏል አትበሉ። ከሞተ በኋላ የሚወስነው ሴኔቱ ነው፤ ኔሮ አልተወሰነለትም።

«ምን ያምኑ ነበር?» ብላችሁ ደግሞ አትጀምሩ። «ምን ያደርጉ ነበር?» በሉ። ማሲሞ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለውን የአውግስጦስ ሐውልት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቶጋ የሚባለው የሮማውያን መጎናጸፊያ እጥፋት ከትከሻው ወጥቶ ራሱን ሸፍኗል። ሮማዊ ሲሠዋ እንዲህ ነው፤ ግሪኩ ራሱን አይሸፍንም። መጥፎ ድምፅ ጆሮ እንዳይገባ ዋሽንት ይነፋል። አንዲት ቃል ከተዛነፈች ሥርዓቱ እንደገና ይጀመራል። ፓላቲኖ ኮረብታ ላይ የተገኘ አንድ መሠዊያ አለ፤ «ወንድ አምላክም ብትሆን ሴት» ተብሎ ተቀርጾበታል። የሚጠሩት አምላክ ማን እንደሆነ ካላወቁ እንዳይሳሳቱ ጥንቃቄያቸው እስከዚህ ነው።

የመጨረሻው፣ ትልልቆቹን 12 አማልክት ቆጥሮ ጨረስኩ ማለት። ሮቢጉስ የሚባል የስንዴ ዋግ አምላክ ነበራቸው። ኤፕሪል 25 ቀን ሰብሉን እንዲምርላቸው ውሻ ይሠዉለት ነበር። አንድ ጊዜ ይህን ስናገር አርሲ ያደጉ አንድ አባት ከኋላ ሆነው «ዋግ የገባበትን ማሳ ያየ ሰው ይገባዋል» አሉ። ስንዴው ቢጫ ዱቄት ለብሶ፣ እጅ ሲነካው ጣት ላይ ሲቀር፣ ፍሬው ሳይሞላ ሲጨማደድ አይተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉብኝቱን የምጀምረው ከአማልክቱ አለቃ ከጁፒተር ሳይሆን ከሮቢጉስ ነው።